ሁለተኛው ጉርሻ

ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ እጁ ላይ አምባር ይታሰርለታል። እጁ አንድ ሥራ ላይ ሦስት ጊዜ ከተንቀጠቀጠ አምባሩ ያንን ሥራ ዕድሜ ልኩን ይከለክለዋል። ጋሽ ደምሰው ጢም መላጨቱን ባለፈው ክረምት ተነጠቁ። አሁን ሸሚዛቸውን እንኳ የሚቆልፍላቸው ግድግዳው ላይ የተተከለው የብረት ክንድ ነው። አልጋ ላይ የዋሉትን ባለቤታቸውን፣ ወይዘሮ የሺመቤትን፣ ማጉረስ ግን ገና አልተነካባቸውም ነበር። እዚያ ላይ እጃቸው የከዳቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ዛሬ ምሳ ላይ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልለው የመጀመሪያውን አጎረሱ። ወጡ አንሶላው ላይ ጠብ አለ። አምባሩ ቀይ መብራት አበራ።

ወይዘሮ የሺመቤት መብራቱን አላዩትም። እያላመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንደሚሉት፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ።

«ሁለት ያፋቅራል» አሉ ጋሽ ደምሰው፣ በጥድፊያ ሁለተኛውን እየጠቀለሉ።

እጃቸው ከሚስታቸው አፍ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ደርቆ ቀረ። ቢታገሉት፣ ቢለምኑት፣ ወይ ፍንክች! የብረቱ ክንድ ተዘረጋና ጉርሻውን ከጣቶቻቸው መሃል ወስዶ ወደ ወይዘሮ የሺመቤት አፍ አስጠጋው። አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም።

ወይዘሮ የሺመቤት ከንፈራቸውን ገጥመው ፊታቸውን አዞሩ።

«ይቺማ ያንተ አይደለችም» አሉ። እንባቸው ትራሱን እያራሰው፣ «እንግዲህ ተጣልተን ልንቀር ነው፣ ደምሰው?»