ለጁፒተር ያልተነሳው ድንጋይ

ይህ ነገር ጥርት ያለ እውነት ነው፤ ቅንጣት የተጋነነ ካለበት የሮም ኮረብታዎች ተራ በተራ ይውደቁብኝ። የድንበር አምላክ የተርሚኑስ በዓል ጠዋት ነበር። ትሬቢዮስ የአበባ ጉንጉንና የማር ቂጣ ይዞ እሱንና ጎረቤቱን ፋኒዮስን የሚያዋስነውን ድንጋይ ሊያከብር ሲወጣ፣ ዝሆን የሚያክለው የድንጋይ አምላክ ቦታውን ለቆ የትሬቢዮስ ባቄላ መሀል ጉብ ብሏል!

«ራሱ ነው የሄደው!» አለ ፋኒዮስ፣ የበሬውን አንገት አቅፎ። «በዓይኔ በብረቱ አየሁት! እንደ ሽማግሌ እያነከሰ!»

«አንተ ሰውዬ፣ አታቃጥለኝ!» ትሬቢዮስ ጉንጉኑን እንደያዘ ድንጋዩን ዞረው። ወትሮ እሱ በዚህ፣ ፋኒዮስ በዚያ ጎን ነበር ጉንጉን የሚያስሩት፤ ዛሬ ዙሪያው ሁሉ የእሱ ባቄላ ነው። «ለአማልክት ንጉሥ ለጁፒተር እንኳ ከቦታዬ አልነሳም ያለ አምላክ ለአንተ ብሎ ተነሳ?»

«እና በሬዬ ነው የነቀለው ልትል ነው?» ፋኒዮስን ላብ አጠመቀው። ወሰን የነቀለ ሰው ከነበሬው ለአምላኩ ተሰጥቶ እንደሚገደል ሁለቱም ያውቃሉ። «ስማ ወንድሜ፣ ይህን ተራራ ማን ይነቀንቀዋል?»

የመሥዋዕቱን ፍም በገል ይዛ ከኋላቸው የቆመችው የፋኒዮስ ሚስት ሄልቪያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተራራ አይደለም፤ አንድ ጆንያ ገብስ ቢያክል ነው። በሬውም ያኔ በረት ነበር፤ እሱን አትንኩብኝ» አለች። ወደ ባሏ ዞረች። «ትናንት በትከሻህ ገፍተኸው ስትመጣ ጀርባህን በዘይት ያሸሁህ እኔ አይደለሁም?»