ከጆሮ እስከ አገጭ

በመስኮት ጌጥ ፈልፋይዋ በዝማምነሽ ቀኝ እጅ ላይ እጅን ከመስመር የማያስወጣ አምባር ከታሰረ ስድስት ዓመቱ ነው። የፈልፋይ እጅ እንዳይሳሳት ተብሎ ያለ እሱ እንጨት መንካት ተከልክሏል፤ የሚፈቱትም ያሰሩት የሙያው ሹሞች ብቻ ናቸው። እንጨቱን በግራዋ በስታ ቀጭኑን የመጋዝ ምላጭ በቀዳዳው ታሾልከዋለች፤ ከዚያ እጇ በእርሳስ በተሰመረው ላይ ብቻ ይሄዳል። መስመር ከሌለ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ፊቷን እንኳ የምትታጠበው በግራዋ ነው።

ያን ጠዋት ልጇ ፍሬገነት ወደ ባሏ አገር ልትሄድ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀምጣ፣ የእናቷን ጉልበት ስማ ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ጉንጬን ዳብሰሽ መርቂኝ።»

«በምኔ? በዚህ ግንድ?»

«በግራሽስ?»

«በግራ የሚመረቅ ጠላቴ ይሁን!»

ቀኝ እጇን ለማንሳት ታገለች። ንቅንቅ አላለም። ፍሬገነት ከመሥሪያው ጠረጴዛ ላይ እርሳሱን አንስታ ከጆሮዋ እስከ አገጯ በጉንጯ ላይ አሰመረች።

እጁ ተነሣ። ፀጉር ታህል ሳይስት በጉንጯ ላይ ወረደ፤ አገጯ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ዝማምነሽ እንባዋን በግራዋ ጠረገች።

«አንቺ ስስታም» አለቻት፣ «ምነው ትንሽ ብታስረዝሚው?»