ከኮፈኑ ወዲያ

ደመላሽ፣ ጣልያን እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ሥር ጥሎት የሄደውን የጦር መኪና ጠጋግኖ የራሱ ካደረገው ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳው ከሚስቱ ከየሺወርቅ ጋር ነበር። እሱ ከፊት ሆኖ የማስነሻውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ያሽከረክራል፤ እሷ መሪው ዘንድ ተቀምጣ ቤንዚን ትሰጣለች። የተከፈተው ኮፈን ስለሚጋርዳቸው፣ ሞተሩም ስለሚጮኽ፣ ሲጠራት "አቤት" የምትለው የቤንዚኑን ፔዳል ሁለቴ ረግጣ ሞተሩን በማስጓራት ነው።

ያን ጠዋትም ሞተሩ ተነሳ።

"የሺ! ቀንሺው!"

ሁለቴ አጓራና ቀነሰ።

የሺወርቅ የራዲያተሩን ውሃ በእንስራ አዝላ ከኋላው ደረሰች። "ወረፋ በዝቶብኝ ቆየሁ፣ ደሜ። ማን ረገጠልህ?"

ደመላሽ ዐይኑን ከኮፈኑ ሳይነቅል፣ ከኮፈኑ ወዲያ በማያልፍ ድምፅ፣ "የሺ..." አለ።

"አቤት" አለች ከኋላው።

ሞተሩም ሁለቴ አጓራ።