አፈር ያልቀመሰ ዓሣ

«ባሕሩን በኋላም ታይዋለሽ፤ የትም አይሄድም። ዓሣው ግን ይቀዘቅዛል» አለ የማቀዝቀዣ መጋዘኑ ኃላፊ፣ ከተጠበሱት ዓሣዎች ትልቁን ወደ እንግዳዋ ሳህን እያሻገረ።

እንግዳዋ ከመስኮቱ ባሻገር የታሰሩትን መርከቦች ማየቷን ትታ ሳቀች። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለሥራ የተላከች የምግብ ደኅንነት መርማሪ ናት፤ ኃላፊው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው። ረፋድ ላይ ሚስቱን ከቤት አንሥቶ፣ ለእንግዳዋ ከተማውን ሊያሳያት ሦስቱም ወጥተው፣ መርከቦችን በሌሊት የሚመራውን የመብራት ማማ ወጥተው ወርደዋል፣ የአሮጌውን ገበያ ጠባብ መንገዶች ዞረዋል። ከውኃው ዳር ወዳለችው ምግብ ቤት ሲደርሱ ነፋሱ ፀጉራቸውን አንጨብርሮት፣ ረኃቡም እንደ ጅብ አድርጓቸው ነበር።

«ማማውን የወጣችሁት እናንተ፣ ታች ቆሜ የራበኝ እኔ» አለች ሚስትየዋ። ወሯ ገብቷል፤ ከወንበሩ ጋር የተስማማችው በብዙ ድርድር ነው። «አትታዘቢኝ፣ እትዬ። የምበላው ለሁለት ነው።»

«ለሁለት ብቻ ቢሆንማ በተገላገልን» አለ ባሏ። «በዚህ አያያዝሽ ልጁ እየዋኘ ነው የሚወጣው።»

«ይዋኝ። አባቱ እንደሆነ ባሕር ዳር ተወልዶ እግሩን እንኳ ማርጠብ ይፈራል።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ጨዋታ የሚያውቁ ወፍራም ባልቴት፣ ሌላ ሳህን ይዘው መጡ። «አፈር ስሆን ይህቺን ጨምሩ። በእኔ ቤት ጨረስኩ የሚለው ሳህኑ እንጂ እንግዳው አይደለም።»

መርማሪዋ በቀይ ቅመም የተለወሰውን ቆዳ ገፈፈች፤ ነጩንም ሥጋ ከአጥንቱ አላቀቀች። ከአጥንቱ ጎን ሰማያዊ መሥመር አየች።

የሳህኑ ጌጥ መሰላት። በጣቷ ብትጠርገው አልለቀቀም። ሥጋውን ገለበጠችው፤ የተማሪ ብዕር የፈሰሰበት ይመስል ከሥሩም ሰማያዊ ነበር።

ክው አለች። ያንን ቀለም ታውቀዋለች፤ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጇ ያፈሰሰችው ነው። ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ በሙቀት የከረመ ዓሣ፣ ማንም እንዳይበላው፣ ሆዱ እየተቀደደ ሰማያዊ ቀለም ይጠጣል፤ ከዚያ ጉድጓድ ይገባል። መርማሪውና ኃላፊው የመጨረሻው አካፋ አፈር እስኪመለስ ከጉድጓዱ አፋፍ እንዳይለቁ ደንቡ ያዛል። እሷም ዝናብ ሲጥል እንኳ ለቅቃ አታውቅም። ዛሬ ግን ጓደኛዋ «ቀለም የጠጣ ዓሣ ማን ይነካል ብለሽ ነው? ሹፌሩ ይቅበረው። ከተማዬን ሳላሳይሽ ብትሄጂ ምኑን ጓደኛ ሆንኩ?» አላት። ሰማዩ ጠርቶ፣ የባሕሩ ሽታ ከሩቅ እየጠራት፣ እሺ አለች።

ሸጦታል ማለት ነው ብላ ቀና ብታይ፣ ጓደኛዋ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ የላመ የላመውን ለሚስቱ ያስጠጋላታል። አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ሚስቱን እንዲህ አይመግብም።

«እማማ» አለች ወደ ባልቴቷ ዞራ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። «ይህን ዓሣ ከየት አመጡት?»

«ከእናንተው ነዋ። የዚህ የልጄ ሹፌር ነው ከጥቂት ሰዓት በፊት ያራገፈልኝ። ገና ከመርከብ መውረዱ ነው ብሎኛል።»

«ቀለሙንስ አላዩትም?»

«አይቼ ጠይቄዋለሁ እኮ። ከአዲስ መረብ የለቀቀ ነው አለኝ። አጥቤ፣ አጥቤ፣ ቅመም ባበዛበት ጠፋልኝ።» ባልቴቷ ሦስቱንም በተራ አዩአቸው። «ምነው፣ አልጣፈጠም?»

የኃላፊው እጅ በአየር ላይ ቀረ። ሳህኑን አየ፤ መርማሪዋን አየ፤ ሚስቱን ለማየት ግን ጊዜ ወሰደበት። ፊቱ አመድ ለበሰ።

«ትፊው» አላት በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«በሞቴ፣ ትፊው።»

«ምን ነካህ፣ አንተ ሰው? ከዋጥኩት ስንት ጊዜ ሆነኝ።»

«መኪናውን አምጣ» አለችው መርማሪዋ። «ሐኪም ቤት ትሂድ፤ አሁኑኑ።» እሱ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ ይፈልግ ጀመር።

መርማሪዋ ተነሣች። ወንበሯ ከኋላዋ ወደቀ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የወደብ ጫኝና አውራጆች፣ በአንድ ሳህን የሚሻሙ አዲስ ተጋቢዎች፣ ጥርስ አልባ ባሏን በትዕግሥት የምትመግብ አሮጊት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «የምግብ ደኅንነት መርማሪ ነኝ። የያዛችሁትን ዓሣ አስቀምጡ። ተበላሽቷል። እንዲቀበር ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

«እህቴ» አለ አንዱ ጫኝ አፉ እንደ ሞላ፣ «እንዲህ የጣፈጠ ነገር ተበላሸ የሚባለው፣ ባለሥልጣን ለብቻው ሊበላው ሲያምረው ነው።» ጠረጴዛው በሙሉ አውካካ።

«ጣታችሁን ጥረጉና እዩ» አለች።

ጫኙ እየሳቀ ጣቱን በጨርቅ ጠረገ። ቀዩ ቅመም ለቀቀ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሳይወርድ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበ፤ ጎረቤቱም የራሱን አየ። ከዚያ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ፣ ሰው ሁሉ መዳፉን ገልብጦ ያይ ጀመር። በማድ ቤቱ ዘይቱ ይንጫጫ ነበር። ባልቴቷ ሳህኑን እንዳቀፉ ቁጭ አሉ።

ሚስትየዋ የራሷን እጅ አላየችም። ሁለት መዳፎቿን በሆዷ ላይ አሳርፋ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቷን ዘንበል አደረገች። ባሏ መጥቶ ሊያነሣት ክንዷን ሲይዝ፣ በነጩ ቀሚሷ ላይ ዐሥር የጣት አሻራዎች፣ ፈዘዝ ያሉ ሰማያዊ፣ ሆዷን ዙሪያውን እንዳቀፉ ቀርተው ነበር።