ባትሪው እስኪሞላ

ጋሼ አቻምየለህ መኪናቸውን ከቻርጅ ማድረጊያው ፊት አቁመው መስኮቱን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔን ሲያዩ እጃቸው ተመልሶ ወደ መሪው ይሄዳል። ሊሸሹ ነው። ግን ወዴት? ባትሪው ዘጠኝ በመቶ ነው የቀረው፣ መንገዳቸው እስከ አሽዶድ ከተማ ነው፣ እኔ ደግሞ ገመዱን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ከእኔ መሸሽ የፈለገ ሰው የቤንዚን መኪና መግዛት ነበረበት።

እንደምን ዋሉ እያልሁ ሶኬቱን እሰካለሁ። መኪናው ገመዱን ነክሶ ይይዛል። እስኪሞላ ድረስ ጋሼ የእኔ ናቸው።

ከፋሲካ ወዲህ ሲሸሹኝ ከርመዋል። የእኔ ልጅ አቪኤልና የእሳቸው ልጅ ስታቭ ሊጋቡ ይፈልጋሉ። ወጉን አላጓደልሁም፤ ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹም እንደ ቤተ እስራኤል ደንባችን ዘር ይቆጠር አሉ፤ ሁለቱ ልጆች እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድ አያት ላይ እንዳይገናኙ። እኔ የራሴንም የባሌንም ወገን ያኔውኑ ቆጥሬ ሰጠሁ። የስታቭ እናት ወንድሞችም ቆጠሩ። ጋሼ ብቻ አጣርቼ እነግራችኋለሁ ብለው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። ምኵራብ ሲያዩኝ በሌላው በር ይወጣሉ፣ ሠርግ ላይ ጥግ ይይዛሉ፣ ስልክ አያነሱም። ልጅቷ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብላለች። ልጄ ከስቷል። እኔም ተናድጃለሁ፣ ምን ይደበቃል። ነዳጅ ቀጂ ብለው ንቀውኝ ነው እያልሁ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ንቀውኝ ከሆነ ደግሞ ተሳስተዋል። ድርጅቱ የናፍጣውን ፓምፕ ነቅሎ በዚያው ጣራ ሥር እነዚህን ነጫጭ የባትሪ መሙያ ሳጥኖች ሲተክል፣ ጓደኞቼ እንጀራችን አለቀ ብለው አለቀሱ። እኔ ኮርሱን ወሰድሁ። ዕድሜውን ሙሉ ነዳጅ ሲሸጥ የኖረ ድርጅት መብራት መሸጥ ከቻለ፣ እኔ ሶኬት መሰካት ያቅተኛል? አለቃዬ ሻሌቭን የሚያሳስበው ሰው ባትሪው እስኪሞላ መጠበቁ ነው፤ እንዳይሰለቸው ብሎ ወንበር አስገዛ። ምን ያሰለቻል? በቤንዚን ጊዜ ሰው ፊቴን ሳያይ አስቀድቶ ይሄድ ነበር። አሁን የዚያ የአዲሱ ሰፈር የካርሜ ጋት ወጣቶች እንኳ ስሜን ጠርተው የልጆቼን ደኅንነት ይጠይቁኛል።

ከወንበሮቹ አንዱን ስቤ መስኮታቸው ሥር እቀመጣለሁ።

ሰው ይጠብቀኛል ይላሉ። ይጠብቅ እላለሁ። ስለ ሙቀቱ ያወራሉ፣ መኪናዋን ልጆቻቸው አስገድደው እንዳስገዟቸው ያወራሉ፣ ስለሚሠሩበት ፋብሪካ ያወራሉ። ወሬው እስኪያልቅባቸው አዳምጣለሁ።

«ጋሼ፣ ልጄን ካልወደዱት ይንገሩኝ፤ እችለዋለሁ። ዝምታዎ ነው የገደለኝ።»

«ልጅሽንማ እወደዋለሁ» ይላሉ።

«እንግዲያው ይቁጠሩልኝ።»

መሪውን እንደያዙ ይጀምራሉ። አባቴ ሽበሺ ይላሉ። የሽበሺ አባት ፈረደ። የፈረደ አባት ጓንጉል። ከዚያ ይቆማሉ።

«ከጓንጉል በላይ አላውቅም» ይላሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ወደ እስራኤል ስንመጣ አባቴ መንገድ ላይ ሱዳን ሲሞት ልጅ ነበርሁ፤ የሚያስቆጥረኝ አልቀረም። የሰው ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ሆኜ ስቀመጥ የኖርሁ ሰው፣ የራሴን አባቶች አላውቅም ብዬ በሰው ፊት ልናገር? አፈርሁ፣ ማንአለብሽ።»

ያን ሁሉ ንዴቴን አሁን የት ላድርሰው? እኔ ተናቅሁ እያልሁ ስብሰለሰል፣ እኒህ ሰው እፍረታቸውን ይዘው ከበር በር ሲሸሹ ከርመዋል። እንባዬ ይመጣል። በነጠላዬ ጫፍ እንዳልጠርገው የድርጅቱን ሰደርያ ነው የለበስሁት፤ በእጄ አብሼው ስልኬን አወጣለሁ።

አጎቴ ካሣሁን አሽቀሎን ከተማ ነው ያሉት። ዘጠና ዘልቀዋል፤ ከጋሼ አባት ጋር በአንድ መንደር ነው ያደጉት። እንደሚያውቁ እገምት ነበር፣ ግን ከባለቤቱ ጀርባ ዞሮ የሰው ዘር ማስቆጠር ነውር ስለሆነ አልጠየቅሁም። ልደውል ወይ እላቸዋለሁ። ጋሼ መሪውን ለቀው ይሁን ይላሉ።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መስኮቱ ላይ እይዛለሁ። አጎቴ የማንን ልጅ እንደያዝሁ ስነግራቸው አንድ ጊዜ ይስቃሉ። ሽበሺን፣ ያንን ፈረስ የሚወደውን? ይላሉ፣ ከዚያ ሳይለመኑ ሽቅብ ይወጣሉ። ፈረደ። ጓንጉል። ቢያድግልኝ። ወንድይራድ። ምናሴ። በጋሼ እናት በኩልም እንዲሁ ይዘልቁታል። እኔ ከኛዎቹ ጋር በልቤ እያስተያየሁ እከተላለሁ፤ አንድም ስም አይገጥምም።

«የትም አይገናኙም» ይላሉ አጎቴ። «ዳሯቸው።»

እልል ልል አፌን ስከፍት ሳጥኑ አረንጓዴ ያበራል። ሞልቷል። መኪናው ገመዱን ለቋል፣ ከኋላም ተራ የሚጠብቅ አለ። ጋሼ ይሂዱ እንግዲህ፣ አሽዶድ ሰው ይጠብቅዎታል እላቸዋለሁ። አይሰሙኝም። ስልኬን ከእጄ ወስደው ወደ አፋቸው አስጠግተዋል።

«አባ ካሣሁን፣ ከጓንጉል ጀምረው እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።»

ከኋላ ያለው ክላክስ ያደርጋል። ጠብቅ ብዬ በእጄ አሳየውና ገመዱን ሳልነቅል ወንበሬ ላይ እመለሳለሁ። ጋሼ አቻምየለህ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ አጎቴን እየተከተሉ ይላሉ፦ ጓንጉል፣ ቢያድግልኝ፣ ወንድይራድ፣ ምናሴ።