ከንጉሡ በዓል የመጣ ሰላምታ

ሩቅያ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄደችውን ልጇን የሰዓዳን ድምፅ ከሰማች ስምንት ወር ሆናት። የላካት ደላላም ስልኩን ዘግቶ ጠፍቷል። የዚያ አገር ንጉሥ የነገሠበት ሃያ አምስተኛ ዓመት በሙዚቃ ድግስ ሲከበር በቴሌቪዥን ይተላለፋል ሲባል ሰማችና ጎረቤቷ መምህር ይማም ቤት ገብታ ተቀመጠች።

ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ለዘፋኞቹ ያጨበጭባል፤ የንጉሡን የወርቅ ዙፋን እያየም «አቤት ድሎት!» ይላል። ሩቅያ ግን ዘፋኝም ንጉሥም አላየችም። ዓይኗን ስታዲየሙን ከሞላው ሕዝብ ላይ አልነቀለችም።

«ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንዴት ትገኛለች ብለው ነው?» ቢሏትም አልሰማቻቸውም።

ካሜራው የክብር እንግዶቹን እየቃኘ ሲያልፍ፣ ከአንዲት እመቤት ኋላ ሕፃን ያቀፈች ልጅ ታየች።

«ሰዓዳዬ! ልጄ ናት!» ሩቅያ ብድግ ብላ ጮኸች።

እውነትም ሰዓዳ ነበረች። ቀና አለችና መዳፏን ወደ ካሜራው ዘረጋች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

«አያችሁ? ሰላም እያለችኝ ነው!» ሩቅያ እያለቀሰች እጇን አውለበለበች። «መዳፏን ሂና ተቀብታለች። ደልቷታል ማለት ነው፤ አልሐምዱሊላህ!»

እልልታው ድንገት ተቋረጠ። ካሜራው ወደ ዘፋኙ ተመልሷል።

«ምነው ዝም አላችሁ?»

ይማም የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

«እትዬ» አለ ይማም ቀስ ብሎ፣ «ሂና አይደለም፤ ጽሑፍ ነው።»

ፊደል ያልቆጠረችው ሩቅያ ወደ እሱ ዞረች። «ምን ይላል?»

«‹አውጡኝ› ይላል።»