አሥራ ሁለት ጥቁር ቀሚስ

ዝም ብሎ ቢያሳልፋት ምን ነበረበት?

ከቤይሩት የመጣችው ሴት ሻንጣ ውስጥ አሥራ ሁለት ተመሳሳይ ጥቁር ቀሚስ ሲያገኝ ግን፣ የጉምሩኩ ፈታሽ በልቡ «ያዝኩሽ!» አለ።

«እህቴ፣ ይሄማ ለንግድ ነው፤ ቀረጥ አለው።»

«ለቤተሰብ ነው፤ እባክህ ቶሎ መልሰው» አለችው በሹክሹክታ።

ልመናዋ ይባስ አጠራጠረው። የተሠራበትን አገር ለማንበብ አንዱን ቀሚስ ዘርግቶ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው።

ከመስታወቱ ማዶ ሁለት እቅፍ አበባ ይዘው የሚጠብቁ እናት ቀሚሱን አዩ። ከልጃቸው ኋላ ሌላ ሰው በዓይናቸው ፈለጉ። ከዚያ አበባውን ጥለው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

ፈታሹ ቀሚሱን ጠቅልሎ ወደ ሻንጣው መለሰው።

«የእህቴ አስከሬን አብሮኝ ነው የመጣው» አለችው። «እማዬን ነገ ጎህ ሲቀድ፣ በንስሐ አባቷ ልናረዳት ነበር።»